የአብያታ ሻላ ሐይቆች የበጋ እንግዶች

በአውሮፓና በሰሜን እስያ ሐይቆችና ረግረጎች በበረዶ በሚሸፈኑበት ወቅት በኢትዮጵያ በጋ ነው። ብርዱን የሚሸሹ የውኃ አእዋፍ ከመስከረም ወር ጀምሮ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆን ተከትለው በመብረር ከፊሎቹ በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርቻ እስከ መጋቢት ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ዐርፈውና ተመግበው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ከእነዚህ ማረፊያዎች አንዱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በኦሮሚያ ክልል የሚገኘው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ፓርኩ በ1960ዎቹ ዓ.ም በዋነኛነት የውኃ አእዋፍን ለመጠበቅ የተከለለ ሲሆን፣ ስፋቱ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሁለቱ ሐይቆች የተያዘ ነው።

ሐይቆቹ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ ደሴቶቹ ከአዳኝ እንስሳት የራቁ በመሆናቸው ነጭ ፔሊካኖች ሲራቡባቸው ኖረዋል። ይሁን እንጂ በሻላ በቂ ዓሣ አይገኝም። ፔሊካኖቹ ለራሳቸውና ለጫጩቶቻቸው ምግብ ሲፈልጉ የኖሩት ጥልቀት በሌለው በአብያታ ነው። በመሆኑም አንዱ ሐይቅ መኖሪያ፣ ሌላው ጓዳ ሆኖ አገልግሏል።

በበጋ ወራት በአብያታ ዳርቻ ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎችና በጭቃው ላይ ትላትልና ነፍሳት የሚለቅሙ ረጃጅም እግር ያላቸው ትናንሽ አእዋፍ ይታያሉ። ፍላሚንጎዎችም ጭንቅላታቸውን ወደ ውኃው ደፍተው በምንቃራቸው እያጠለሉ ይመገባሉ። ለመመልከት የሚመረጠው ማለዳ ነው፤ በምሥራቁ ዳርቻ የቆመ ተመልካች ፀሐይ ከጀርባው ስለምትሆን የላባቸውን ቀለም በግልጽ ይለያል። ዳርቻው ረግረግ በመሆኑ ተሽከርካሪን ራቅ አድርጎ ማቆምና በአጉሊ መነጽር መመልከት ይገባል። ለረጅም ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙ አእዋፍ በተደጋጋሚ ሲባረሩ ጉልበታቸውን በከንቱ ይጨርሳሉ።

አብያታ ውኃ የሚያገኘው በዋነኛነት ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ነው። የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባው ውኃ የሚቀንሰው በትነት ነው። ዝዋይና ገባሮቹ ለመስኖ መዋላቸው፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ለዓመታት ውኃ ሲሳብ መቆየቱ ሐይቁ በእጅጉ እንዲሸሽና ጨዋማነቱ እንዲጨምር ምክንያት ሆነዋል። ዓሣው በመመናመኑ ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ርቀው ወደ ሌሎች ሐይቆች ለመብረር ተገደዋል። በአንጻሩ ፍላሚንጎዎች በጨዋማ ውኃ ውስጥ ያለውን ዋቅላሚና ጥቃቅን ሕይወት ስለሚመገቡ በቦታው መታየታቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ በዳርቻው ብዙ ፍላሚንጎ መታየቱ ብቻውን ሐይቁ ጤናማ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በመላው ዓለም በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ የሚካሄደው የውኃ አእዋፍ ቆጠራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የትኛው ዝርያ እንደቀነሰና የትኛው እንደጨመረ በዓመታት መካከል ሲነጻጸር፣ በውኃው ላይ የደረሰው ለውጥ ይታወቃል። ይሁንና ቆጠራ ብቻውን ሐይቁን አያድነውም። የአብያታ አእዋፍ ዕጣ የሚወሰነው በፓርኩ ክልል ውስጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከዝዋይ ለመስኖ በሚቀዳውና ለቡልቡላ በሚተወው ውኃ መጠን ጭምር ነው።