ያልተመለሰው ደብዳቤ፦ ከአዲ አርቃይ ሙዳይ እስከ ለንደን መዝገብ ቤት

የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎች በትምህርት ክፍላችን ዘወትር ከሚጠቀሱት የአማርኛ ዝርው ጽሑፎች መካከል ናቸው። የሚጠቀሱት ግን በአብዛኛው ስለ ቋንቋቸው ነው። ግዕዝ የጽሕፈት ቋንቋ ሆኖ በኖረበት አገር የንጉሥ ደብዳቤ በአማርኛ መጻፉ፣ ዐረፍተ ነገሩ ማጠሩ፣ የንግግር ለዛ መያዙ ይነገራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ጥቂት ይለያል። ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ምን ሆነ? ማን ከፈተው? መልስ ሳያገኝ መቅረቱንስ ማን፣ በምን ምልክት ሊያውቅ ይችል ነበር? ይህ የታሪክ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም የሚል ቢኖር አልስማማም። ደብዳቤ ያለ ተቀባይ የማይሞላ የጽሑፍ ዓይነት ስለሆነ የተቀባዩ እጅም ከጸሐፊው ብዕር እኩል ሊጠና ይገባዋል። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄው ያደረብኝ ገና በልጅነቴ፣ ተወልጄ ባደግሁባት በአዲ አርቃይ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ የሠፈር ደብዳቤ አንባቢ በሆነበት ወቅት ማለት ነው። ልጃቸው ግንባር የሄደባቸው አንዲት ጎረቤታችን ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ያስጠሩኝ ነበር። እኒህ እናት ደብዳቤዎቻቸውን ለይተው የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ያልተከፈተው በመቀነታቸው ይቋጠራል፤ «ልጄ፣ ይችኛዋ አፏን አልከፈተችም» ብለው ከዚያ ፈተው ያወጡልኛል። የተነበበው ግን መልስ ያልተጻፈለት ከመሶቡ ክዳን በታች ይገባል። በቀን ሁለት ጊዜ እንጀራ ሲወጣ ደብዳቤውም አብሮ ይታያል ማለት ነው። መልሱ ተጽፎ የተላከለት ደግሞ በጥቁር ክር ይታሰርና ወደ ሙዳዩ ይወርዳል። ከክሩ በኋላ ስለዚያ ደብዳቤ አይጨነቁም።

ያን ጊዜ ነገሩ የአሮጊት ልማድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስመለከተው ግን ሦስት ደረጃ ያለው አያያዝ ነው፤ ያልተነበበ፣ የተነበበ ነገር ግን ያልተመለሰ፣ የተመለሰ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሁለተኛውን ደረጃ አያውቁትም። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የወደቀውም በዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲ አርቃይ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወስድ በነበረው የጥንት የነጋዴና የመልእክተኛ መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። መንገዱ ከደባርቅ በሊማሊሞ ገደል ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዐድዋና ወደ ባሕሩ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር የወጣው በዚሁ ነው። ዛሬ መኪና የሚጠማዘዝበትን የሊማሊሞን መንገድ ጣልያኖች በወረራው ዘመን እስኪሠሩት ድረስ ደብዳቤ የሚወርደው በእግረኛና በበቅሎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያምም በዚሁ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ትገኛለች።

ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት ኦክቶበር 29 ቀን 1862 ነው። ቆንሲሉ ካፒቴን ቻርልስ ካሜሮን ከንግሥቲቱ የተላከ ሽጉጥ በስጦታ ይዞላቸው መጥቶ ነበርና ደብዳቤው በምስጋና ይጀምራል። በ1860 ስለሞቱት ስለ ሁለቱ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው፣ ስለ ፕላውደንና ስለ ቤል፣ ያነሳል። ዋናው ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ መልእክተኞች ወደ ለንደን መላክ ይፈልጋሉ፤ ባሕሩን ቱርኮች ስለያዙት መልእክተኞቹ በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ይጠይቃሉ። አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ የሚበቃው ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው መንገድ ላይ አልጠፋም። ሽፍታ አልቀማውም፣ ተከዜ አልወሰደውም። በፌብሩዋሪ 1863 ለንደን ደረሰ፤ በእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። ከዚያ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተመራ። መልስ ግን አልተጻፈለትም። በጉዳዩ ላይ የጻፉ ብዙ ሰዎች «ተረሳ» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሎርድ ረስል መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያ ጉዳይ ላለመግባት ሆን ብሎ ዝም አለ ይላሉ። በእኔ ግምት ሁለቱ የሚጣሉ አሳቦች አይደሉም። ፍላጎት የሌለበት ጉዳይ ለመረሳት የተመቸ ነው። አንድ ወረቀት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያንዳንዱ ያየው ሰው «ሌላው ይዞታል» ብሎ ያስባል። ወረቀቱ ላይ ያረፈው የእጅ ምልክት በበዛ ቁጥር የተሠራበት እየመሰለ ይሄዳል። ፈጽሞ ያልተከፈተ ቢሆን ኖሮ ማኅተሙ ራሱ ይጮህ ነበር፤ ተከፍቶ ስለ ተነበበ ግን ጸጥ አለ።

በአገራችን ወግ ለዚህ መድኃኒት የነበረው መልእክተኛው ነው። በንጉሥ ወይም በመኳንንት ደጅ የቆመ መልእክተኛ መልስ ሳይዝ አይሄድም፤ ይጠናል። ደጅ መጥናት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ በክፉ ይነሳል፤ ነገር ግን ያልተመለሰ ጉዳይ ሰው ሆኖ በር ላይ መቆሙ ነበር። ባለ ጉዳዩ በወጣ በገባ ቁጥር ያየዋል። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። መልእክት፣ ልኡክ፣ መልአክ የሚሉት ቃላት ሁሉ ለአከ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ይወጣሉ፤ የተላከው ቃልና የተላከው አካል አልተለያዩም። መልስ የምንለውም መለሰ ከሚለው ነው፤ የተበደረውን እህል የመለሰና ለደብዳቤ መልስ የሰጠ ሰው በአንድ ግሥ ይነገራሉ። መልእክተኛውም «ተመለሰ» ይባላል። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ንጉሥ ያልተመለሰ ደብዳቤ የተበላ ብድር ያህል ነበር ብንል ከቋንቋው የራቅን አይመስለኝም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ካሜሮንን የቆጠሩትም እንደዚህ ያለ መልእክተኛ አድርገው ነው። ደብዳቤዬን ይዞ ሄዶ መልስ ያመጣልኛል ብለው ነበር። ካሜሮን ደብዳቤውን በሌላ እጅ ወደ ባሕሩ ላከና እሱ ወደ ቦጎስና ወደ ሱዳን ጠረፍ ሄደ፤ የንጉሡ ጠላቶች ወደነበሩበት ወገን ማለት ነው። በ1863 ተመልሶ ሲመጣ መልስ አልያዘም። ከለንደን የመጡለት ወረቀቶችም ለንጉሡ የሚሰጥ ቃል አልነበረባቸውም። በዚያው ዓመት ለናፖሊዮን ሣልሳዊ ለጻፉት ደብዳቤ የመጣው መልስ ከንጉሡ ሳይሆን ከሚኒስትሩ በመሆኑ ተቆጥተው ነበርና የእንግሊዝ ዝምታ በዚያ ላይ ተደረበ። በጃንዋሪ 1864 ካሜሮን ታሰረ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመቅደላው ፍጻሜ ምክንያቱ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ማለት ተማሪዎች በየፈተናው የሚጽፉት ቀላል መልስ ነው። የሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን መጽሐፍ ያመጣው ቁጣ፣ የግብፅ ጉዳይ፣ በየአቅጣጫው የተነሳው ዐመፅ ሁሉ አለበት። ቢሆንም ካሜሮን ከእስር ሾልኮ በወጣ አጭር ማስታወሻው ያመለከተው መፍትሔ አንድ ነበር፤ ለንጉሡ ደብዳቤ መልስ ይላክ የሚል። ለንደን ደብዳቤውን መፈለግ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። መልሱ ተጽፎ ንግሥቲቱ የፈረሙበት በሜይ 26 ቀን 1864 ሲሆን፣ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በጁላይ ምጽዋ ደርሶ ለመግባት ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ቆየ። ከንጉሡ ፊት የቀረበው በጃንዋሪ 1866 ነው። ጥያቄው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል። መልእክተኛው ራሱ ብዙም ሳይቆይ ከእስረኞቹ ተጨመረ።

የቀረው ይታወቃል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዘመተ፤ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው በመቅደላ የነበሩት የብራና መጻሕፍትም ተዘረፉ፤ ከእነዚያ ወደ 350 የሚሆኑት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 ዝርዝራቸውን በካታሎግ አወጣ። ለአንዱ የአማርኛ ደብዳቤ ቦታ ያልተገኘለት ከተማ ለተዘረፈው ብራና ሁሉ ቁጥር መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ለእኛ ለአንባቢዎች በቀላሉ መገኘት የቻሉት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ በ1979 የቴዎድሮስን የአማርኛ ደብዳቤዎች አሳተሙ፤ ስቬን ሩበንሰን ደግሞ በ1994 የቴዎድሮስንና የዘመነኞቻቸውን መጻጻፍ በአንድ ቅጽ ሰበሰበ። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ዋጋቸው ጽሑፉን ማተማቸው ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤን ከደብዳቤ አጠገብ በቀን ተራ ሲያስቀምጡት መልስ የጎደለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ተማሪዎቼን ይህን ባዶ ቦታ እንዲያነቡ እጠይቃቸዋለሁ።

የእኛም መዝገብ ቤቶች ከዚያው ከለንደኑ በሽታ ነፃ አይደሉም። ገቢ መዝገብ አለን፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ላኪ፣ ጉዳይ ይጻፍበታል። ወጪ መዝገብም አለን። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ «ይህ ገቢ መልሱ የትኛው ወጪ ነው» የሚል ዐምድ ግን ስንቱ መዝገብ አለው? የቅዳሴና የምንባብ መጻሕፍት ያዘጋጁ አባቶች በብራናው ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ሰፍተው ለአንባቢው ቦታውን ያሳዩት ነበር፤ መጽሐፉ ተዘግቶ እንኳ ክሩ ይታያል። ዛሬ በእጅ ስልካችን ላይ ያልተከፈተ መልእክት በቁጥር ተለይቶ ይታያል፤ አንድ ጊዜ በጣት ከተነካ በኋላ ግን ምልክቱ ይጠፋል። መልስ የሚያስፈልገው ሆኖ ያገኙት አንዳንድ ብልሆች ያነበቡትን አውቀው «ያልተነበበ» ብለው ይመልሱታል። ማሽኑ የመሶቡን ክዳን ስለማያውቅ በመቀነት ይቋጥሩታል ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ለጎረቤታችን የተጻፈ አንድ ደብዳቤ በአንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አምስት ወር ተቀምጧል። ልጃቸው ቆስሎ ሆስፒታል መግባቱን የሚገልጽና መጥተው እንዲጠይቁት የሚለምን ነበር። ኋላ አብሬያቸው ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ፤ ደብዳቤው በቀኑ ገብቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ተፈርሞበታል። ሰውየው ሥራውን እንዳልበደለ ከልቡ ያምን ነበር። «ተመዝግቧል እኮ!» አለኝ ሁለት ጊዜ።

ያን ጊዜ ልጁ በምርኩዝ ሆኖ ከቤቱ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የጠየቀው «ደብዳቤዬ አልደረሰም እንዴ?» ብሎ ነው። እናቱ ምን እንደሚመልሱ አጥተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በእናትና በልጅ መካከል አንድ ነገር እንደ ገባ ሠፈሩ ሁሉ አይቶታል። ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤቱ ይዘን ስንመለስ ልጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናትየው እንደ ልማዳቸው ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ።

«አንብባት» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ ራሱ እዚህ አለ፤ ምን ይላል ብዬ ነው የማነብልዎ?»

«አንተ አንብባት።»

አነበብሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። ስጨርስ ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ለመልሱ። «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብለው ጀመሩ፤ ሳይደርሳቸው እንደ ቀረ፣ ቢደርሳቸው በእግራቸውም ቢሆን ይመጡ እንደ ነበር፣ ከጫጩቶቹ ሦስቱን ጭልፊት እንደ ወሰደ ሁሉ አጻፉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ስሰጣቸው እጃቸውን ዘርግተው ለልጃቸው አቀበሉት። እሱ እያነበበ ሳለ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከእጄ ወስደው ጥቁሩን ክር ይፈልጉ ጀመር።