ፈንጣጣን ለማጥፋት መጀመሪያ መቁጠር፦ የአንድ ዘመቻ የመረጃ ታሪክ

በጤና ሪፖርት ላይ የአንድ በሽታ ቁጥር ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው በሽታው ምን እንደሆነ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቁጥሩ የተገኘው በምን ዘዴ ነው? በኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ውስጥ የዚህን ጥያቄ ክብደት ከፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በተሻለ የሚያሳይ ምዕራፍ ማግኘት ያዳግታል።

እ.ኤ.አ. በ1970 በኢትዮጵያ የተመዘገቡት የፈንጣጣ ሕሙማን 722 ብቻ ነበሩ። ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) ተጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ሲጠናቀቅ ግን ቁጥሩ ከ26,000 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገቡት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ነበር። በሽታው በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ከሠላሳ እጥፍ በላይ አልተስፋፋም፤ የተለወጠው የአፈላለጉ ዘዴ ነው። ቀድሞ ይመዘገብ የነበረው ወደ ጤና ተቋም የመጣው ሕመምተኛ ብቻ ነበር። በአገሪቱ የተሠራጨው የፈንጣጣ ዓይነት በአመዛኙ ቀለል ያለውና ከመቶ ሕሙማን አንድ ወይም ሁለቱን የሚገድለው በመሆኑ፣ አብዛኛው ሰው ቀናት የሚፈጅ መንገድ ተጉዞ ሕክምና የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። ዘመቻው ሲጀመር የኢትዮጵያ ሳኒታሪያኖች፣ የጤና ረዳቶችና የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ ወደ መንደሮች ወጡ፤ በሽታውም ባለበት ስፍራ ተቆጠረ።

በደጋው አገር ቆጠራውን ያከበደ ሌላም ምክንያት ነበር። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጥሊሊ ዛሬ በአዊ ዞን ትተዳደራለች፤ በዘመቻው ወቅት ግን አካባቢው በሙሉ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። በጎጃምና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ከሕመምተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የመጫር ልማድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቷል። ይህ ልማዳዊ ዘዴ ሰውየውን ከከባድ ሕመም ሊጠብቀው ቢችልም፣ በቆዳው የገባው ሕያው የፈንጣጣ ቫይረስ በመሆኑ በሽታውን ለሌሎች ያስተላልፍ ነበር። የራሱን ዘዴ የሚያምን ሕዝብ አዲሱን ክትባት በጥርጣሬ ማየቱ አያስገርምም። ስለሆነም ሠራተኞቹ የአካባቢ ሽማግሌዎችንና ካህናትን ማሳመን የሥራቸው ዐቢይ ክፍል ሆነ፤ የቤቱ በር ካልተከፈተ ክትባቱም ሆነ ቆጠራው አይገባምና።

የተቆጠረው ሁሉ ፈንጣጣ መሆኑን ማረጋገጥም ራሱን የቻለ ሥርዓት አስፈልጎታል። በሽታው ከጉድፍ የሚለይባቸው ምልክቶች ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ሆነው ተሰጡ፤ የፈንጣጣ ሽፍታ በፊት፣ በእጅና በእግር ላይ የሚበዛና በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ በተመሳሳይ ደረጃ የሚገኝ ሲሆን፣ የጉድፍ ግን በደረትና በጀርባ ላይ በርክቶ በተለያየ ደረጃ ይታያል። የታመመ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ በገበያና በትምህርት ቤት እየታየ ሕዝቡ ያየውን እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። የሚያጠራጥር ሲያጋጥም የቁስሉ ቅርፊት ወደ ውጭ አገር ማጣቀሻ ላቦራቶሪ ይላካል። ስለዚህ ሁለት ሠራተኞች በሁለት አውራጃዎች የመዘገቡት «አንድ» ተመሳሳይ ትርጉም ያዘ።

ከዚሁ ጋር የዘመቻው መሪዎች የመረጡት መለኪያ አስተዋይነታቸውን ያሳያል። የተሰጠውን ክትባት ብዛት ብቻ ቆጥሮ ሽፋኑን በመቶኛ ማስላት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ይሰላ የነበረ መቶኛ አካፋዩ ግምት ነበር። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው በተከተበበት አገር ጥቂት ያልተከተቡ መንደሮች በሽታውን ማቆየት ይችላሉ። በመሆኑም የውጤቱ ዋና መለኪያ የቀሩት ሕሙማን ቁጥር ሆነ፤ ሕመምተኛ በተገኘበት ስፍራ ዙሪያውን በመክተብ የሥርጭቱ ሰንሰለት ይበጠስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመዘገቡት ሕሙማን ከ1,000 በታች ወረዱ፤ የመጨረሻው ሕመምተኛም በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ በዲሞ መንደር ተገኘ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዜሮን ማስረዳት ነበር። ሪፖርት አለመምጣቱ በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ፈላጊው ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ሕመምተኛ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ፍለጋው መቀጠል ነበረበት። ወሬ የተሰማበት ስፍራ እየተጎበኘ የምርመራው ውጤት ይመዘገብ ነበር። ኢትዮጵያ ከአጎራባች አገሮች ጋር ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው ማስረጃው በዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከታየ በኋላ፣ በጥቅምት 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎችም በራሳቸው ሙያ ይህንኑ ደንብ ያውቁታል፤ ስሕተት አልተነገረም ማለት ፕሮግራሙ ተፈትሾ ስሕተት አልተገኘበትም ማለት አይደለም።

የአገራችን የጤና መረጃ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተሰኘው የኮምፒዩተር ሥርዓት መሰብሰብ ጀምሯል። ሥርዓቱ መደመርንና ማነጻጸርን ያፋጥናል፤ ሆኖም በባዶ ሣጥንና በእውነተኛ ዜሮ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው መዝገቡን የሞላው ሰው ነው። በጥሊሊም ሆነ በሌላ ወረዳ በሳምንታዊ ሪፖርቱ ላይ «0» የሚጽፍ የጤና ባለሙያ ያ ቁጥር ተፈልጎ መታጣቱን እንጂ አለመፈለጉን እንዳይገልጽ ሊጠነቀቅ ይገባል። በቋንቋችን «ከተበ» ማለት ክትባት ሰጠ፣ ጻፈም ማለት ነው። ፈንጣጣን ያስወገዱት ሠራተኞች ሁለቱንም ሥራ በእኩል ጥንቃቄ ፈጽመዋል።