ኮሌስትሮልን ያጠናች ከተማና ያልተጠየቀው ማዕድ

እ.ኤ.አ. በ1985 በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን፣ የሰውነት ሕዋሳት ኮሌስትሮልን ከደም የሚቀበሉበትን መንገድ በመግለጣቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሥነ ምግብ የሚማሩት እጅግ ጥቂት መሆኑን ገልጾ፣ ቢያንስ 25 ሰዓት እንዲመደብለት አሳሰበ። ሳይንሱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ለሕሙማን የሚያደርሰው ሐኪም ግን ስለ ምግብ በቂ ትምህርት ሳያገኝ ይመረቅ ነበር።

ዳላስ ለጉዳዩ ባዕድ አልነበረችም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ1975 ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከኒውዮርክ ወደዚያ አዛውሯል። በሳውዝዌስተርን የሥነ ምግብ ምርምርን የመሩት ስኮት ግራንዲ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ ወይራ ዘይት ያለው ስብ ጎጂውን ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ፣ ጠቃሚውን ግን ስብ እንደ ቀነሰ አመጋገብ ዝቅ እንደማያደርግ አሳዩ። «ስብ ሁሉ ጠላት ነው» ለሚለው ምክር ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር።

ዕውቀቱ ከምርመራ ክፍል ያልደረሰበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሥነ ምግብ በሌሎች ትምህርቶች ውስጥ ተበታትኖ ራሱን የቻለ ባለቤት አጣ። በ1987 ሎቫስታቲን ሲፈቀድ፣ በአጭር ቀጠሮ ስለ ማዕድ ከመወያየት ይልቅ ክኒን ማዘዝ ቀለለ። ሜዲኬር ከ2002 ጀምሮ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምክርን ቢሸፍንም፣ በዋናነት ለስኳርና ለኩላሊት ሕሙማን ብቻ፣ ያውም ሐኪም ሲልካቸው ነው። ስለ ምግብ ያልተማረ ሐኪም ደግሞ መላኩን ይዘነጋል።

በ2010 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት አማካዩ ገና ከ20 ሰዓት በታች መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሳውዝዌስተርን ተማሪዎች ወጥ ቤት ገብተው እያበሰሉ መማር ጀምረዋል። በ2025 የቴክሳስ ግዛት ያወጣው ሕግም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥነ ምግብን እንዲያስተምሩ፣ ሐኪሞችም በቀጣይ የሙያ ሥልጠናቸው እንዲማሩት ያዛል።

ሕግ ሰዓት ይቆጥራል፤ ማዕዱን ግን አያውቅም። በዳላስና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የስኳር ሕመምተኛዋ «ዳቦና ፓስታ ቀንሺ» ስትባል፣ እንጀራ በዝርዝሩ ስለሌለ ነፃ የወጣ ይመስላታል። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት እህል ሳትቀምስ ኢንሱሊኗን እንደ ወትሮው ብትወስድ፣ ስኳሯ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚያስቀረው ሐኪሙ ምን፣ መቼ እንደምትበላ ሲጠይቃት ነው። አዲሱ ትምህርት የሚመዘነውም ይህን ጥያቄ ባስለመደው መጠን ይሆናል።