የጌሻ ዘር ስንት ተከፈለበት?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሚዛን ተፈሪ ወዲያ ካለው የጌሻ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያም ፓናማ። በ2004 ፓናማ ላይ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ። ለጊዜው ሪከርድ ነበር። ስሙን “ጌይሻ” ይሉታል፣ የጃፓን ነገር እስኪመስል ድረስ!

ገበሬው ለፍቶበታል፣ ይገባዋል። ዘሩን ያቆየው ጫካስ?

በ2006 ሄይንና ጋትዝዋይለር የተባሉ ተመራማሪዎች የጫካ ቡናችንን ዘረመል በገንዘብ ተመኑት። በሽታ የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰ፣ ምርቱ የበዛ ቡና ለማዳቀል የሚሰጠውን ጥቅም አስልተው 1.458 ቢሊዮን ዶላር አሉ። ይህ የወደፊቱ ጥቅም በየዓመቱ 5 በመቶ እየተቀነሰ ሲሰላ ነው። 10 በመቶ ሲሆን 420 ሚሊዮን ብቻ! እኔ ኮድ ጽፌ ነው የማድረው፤ አንድ ቁጥር ስቀይር ውጤቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከወደቀ ፕሮግራሙን አላምነውም። ጫካው ግን ያው ጫካ ነው።

ለማን ይከፈል የሚለውን ደግሞ ስሌቱ አይመልስም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዘር የሚወስድ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ማኅበረሰቡም ጥቅሙን እንዲጋራ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። የጌሻ ዘር ግን ከወጣ 70 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ቴፒ ባለችበት በሸካ “ኮቦ” የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ባለ ኮቦው በጫካ ድርሻው ቀፎ ይሰቅላል፣ ማር ይቆርጣል፤ ለማሩ ሲል ዛፉን ይጠብቃል። ቡናውም በዚያው ጥላ ሥር ይበቅላል። እስካሁን ለጥበቃው የሚከፍለው ማሩ ነው።