«ስምጥ» የሚለው ቃልና የአለቶች ምስክርነት

የሐዋሳ ከተማ ያረፈችበትን ዝቅተኛ ምድር «ስምጥ ሸለቆ» እንለዋለን። ቃሉ «ሰመጠ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ስለ ሆነ የሚናገረው መስመጥን ብቻ ነው። ጆን ዋልተር ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው የእንግሊዝኛ ስያሜ ግን መሰንጠቅን ያመለክታል።

ከሁለቱ የትኛው እውነቱን ይይዛል ቢባል ደለል አለቶችን መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ ወደ መቅደላ የተጓዘው ዊልያም ብላንፎርድ የዓዲግራትን አሸዋ ድንጋይና የእንጣሎን ኖራ ድንጋይ በየሥፍራቸው ስም ሰየማቸው። የእንጣሎው ኖራ ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው፤ ዛሬ በመቐለ አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ምድሪቱ ተነሥታለች። በሐዋሳ ዙሪያ የሚታየው ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የሐይቅ ደለል ነው፤ ከሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት የኑቢያና የሶማሊያ የምድር ቅርፊት ክፍሎችም በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ።

እንግዲህ ታሪኩ ሦስት ግሦችን ይሻል፦ ተነሣ፣ ተሰነጠቀ፣ ሰመጠ። «ስምጥ ሸለቆ» ለመልክዓ ምድሩ የጸና ስም ሆኖ ይኑር። ተርጓሚው ግን ስለ ሂደቱ ሲጽፍ «መሰንጠቅ» ማለት ይገባዋል፤ አለዚያ አንባቢው የሸለቆውን መልክ እንጂ ምክንያቱን አያገኝም።