ሺህ ተልዕኮ ወይስ አንድ ታሪክ? ከአጋሮ ጌም ቤት እስከ ቡና ቅምሻ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት። ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ወር ጅማ ሄጄ ታናሽ ወንድሜ ጋ አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ አንድ ኦፕን ወርልድ ጌም ሲጫወት ነጋ። ስነቃ ካርታውን ከፍቶ አሳየኝ። መሬቱ አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር ምልክት ብቻ ነው። እዚህ ሳጥን፣ እዚያ ምሽግ፣ ወዲያ ደግሞ "እርዱኝ" የሚል ገበሬ። "ስንት ቀረህ?" አልኩት። "ዋናው ታሪክ አልቋል፤ ሳይድ ኩዌስት ግን ገና መቶ ምናምን አለኝ" አለኝ። "እሺ፣ ከጨረስካቸው ውስጥ አንዱን እስቲ ተርክልኝ" ስለው ዝም አለ። ትንሽ አሰበና "ባክህ ሁሉም ያው ነው" አለ።

"ሁሉም ያው ነው" የምትለዋን ቃል መጀመሪያ የሰማኋት ከአጎቴ ነው፣ ስለ ቡና። ልጅ ሆኜ አጋሮ አቅራቢያ ባለው ማሳው ለቀማ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ቀይ ቀዩን እየመረጥኩ ስንቀራፈፍ አይቶ፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ትመርጣለህ? ጠራርገህ አውርደው! ለገዢው ሁሉም ያው ነው፣ የሚከፍለን በኪሎ ነው" አለኝ።

አጎቴም ወንድሜም ሰነፎች አይደሉም። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ በሽታ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ በሽታ ታሪክ ነው።

*

መጀመሪያ ወደ ጌም ቤቱ ልውሰዳችሁ። የእኔ ዘመን የአጋሮ ልጆች ኦፕን ወርልድን ያወቅነው በፕሌይ ስቴሽን 2 ነው፤ ወረፋ ጠብቀን፣ በሰዓት ከፍለን። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የወጣው በ2004 ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ፣ በተቀዳ ዲስክ ነበር። ጂቲኤ በጥብቅ ትርጉሙ አርፒጂ አይደለም። ግን ሲጄ አብዝቶ ሲበላ ይወፍራል፣ ጂም ሲሠራ ይፈረጥማል፣ በነዳ ቁጥር የመንዳት ችሎታው ያድጋል። የአርፒጂ ደም አለበት።

የጎን ሥራው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። አምቡላንስ 12 ደረጃ፣ እሳት ማጥፋት 12 ደረጃ፣ ታክሲ 50 ተሳፋሪ። በዚያ ላይ የሚቀባ 100 የግድግዳ ጽሑፍ፣ የሚነሳ 50 ፎቶ፣ የሚለቀም 50 የፈረስ ኮቴ፣ ከውኃ ሥር የሚወጣ 50 ኦይስተር። እኛ ጌም ቤት ውስጥ አንድም ልጅ ኦይስተር ሲፈልግ አላየሁም። ሰዓቱ በገንዘብ ነዋ! ታክሲውን ግን እንነዳ ነበር። ተሳፋሪውን ጭነን በየመንገዱ ስንጋጭ ከኋላ የቆሙት ሁሉ ይስቁ ነበር። ለደቂቃዋ ከኪሳችን ስለምንከፍል፣ የትኛው የጎን ሥራ ደቂቃዋን እንደሚያወጣ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር።

ይህን ያዙልኝ። ወደ ታሪኩ ልግባ።

*

በ1996 ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዳገርፎል የሚባል ጌም አወጣ። ሠሪዎቹ ከ15,000 በላይ ከተማ፣ መንደርና ዋሻ እንዳለበት አስተዋወቁ። ይህን ሁሉ በእጅ ሠርቶ የሚጨርስ ሰው የለም። አብዛኛውን የሠራው ኮምፒውተሩ ነው። ተልዕኮውም እንዲሁ፤ ባዶ ቦታው የሚሞላ ቅጽ አለ። "እገሌ የተባለ ነጋዴ፣ እገሌ የተባለውን ዕቃ፣ ከእገሌ ዋሻ አምጣልኝ ይላል።" ስሙ ይቀየራል፣ ዋሻው ይቀየራል፣ ቅጹ አይቀየርም።

ያው ኩባንያ በ2002 ሞሮዊንድን ሲያወጣ መንገድ ቀየረ። ዓለሙን አሳንሶ ወደ አንድ ደሴት ሰበሰበውና ብዙውን ነገር በእጅ አስቀመጠ። ካርታ ላይ "ሂድ እዚህ" የሚል ቀስት አልነበረም። ሰውዬው "ድልድዩን ስትሻገር ወደ ግራ ታጠፍ" ይላችኋል፤ ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ። በ2006 በኦብሊቪየን ከገዳዮቹ ማኅበር ተልዕኮዎች አንዱ አምስት እንግዶችን አንድ ቤት ውስጥ ይቆልፍባችኋል። እንግዶቹ ሀብት ልናገኝ ነው ብለው መጥተዋል። እናንተም እንግዳ መስላችሁ ገብታችሁ አንድ በአንድ ትጨርሷቸዋላችሁ፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ እየተጠራጠሩ ለእናንተ ያማክሯችኋል። ይህን የተጫወተ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም ይተርከዋል።

በ2011 ስካይሪም መጣ፣ ቅጹም አብሮ ተመለሰ። የሌቦቹ ማኅበር ሰዎች ጋ በሄዳችሁ ቁጥር አዲስ ሥራ አለ፤ ማለቂያ የለውም። ቃል በቃል ማለቂያ የለውም! በ2015 ፎልአውት 4 ላይ ደግሞ ፕሬስተን የሚባል ሰው "እርዳታ የሚፈልግ ሌላ ሰፈር አለ" እያለ ተጫዋቹን አሰልችቶ የዓለም መቀለጃ ሆነ።

የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ሌላ መንገድ ሄደ። በ2007 የመጀመሪያው አሳሲንስ ክሪድ ላይ 420 ባንዲራ በተነ። የሚለቅም ሰው የሚያገኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ2012 በፋር ክራይ 3 ማማ ትወጣላችሁ፣ ካርታው ይገለጣል፣ ምልክቱ ይዘረገፋል። በ2014 አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ላይ የፓሪስ ካርታ ከምልክት ብዛት መንገዱ የማይታይ ሆነ። ወንድሜ ያሳየኝ ካርታ የዚህ ዘር ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጌም ውድ ነው። ገዢው ገንዘቡን ሲከፍል "ስንት ሰዓት ያጫውተኛል?" ይላል። ሻጩም በሰዓት ያስተዋውቃል። በሰዓት የሚሸጥ ነገር ደግሞ ሰዓት እንዲበዛለት ይደረጋል። አጎቴ እንዳለው፣ የሚከፈለው በኪሎ ነው።

*

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ።

በዓለም ገበያ "ጅማ 5" የሚባል የቡና ደረጃ አለ። ያልታጠበ፣ ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ፣ አምስተኛ ደረጃ ቡና ነው። ልብ በሉ፣ ቡና በጫካ በሚበቅልበት፣ ጎማ ወረዳ ጮጬ "የቡና መገኛ እኔ ነኝ" በምትልበት አገር፣ ስማችን ለረጅም ጊዜ ከርካሽ ቡና ጋር ተጣብቆ ቆየ። ዛፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ተጠርጎ ይወርዳል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ጀንፈሉ ከሰው ጀንፈል ጋር ተቀላቅሎ በጆንያ ይሄዳል። ቀይ ብቻ መልቀም ማለት አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ መጎብኘት ነው። ለድካሙ የሚከፍል ከሌለ ማን ይመላለሳል?

በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ብዙ ነገር አስተካከለ። ደረጃ በባለሙያ ይወጣል፣ ክፍያ በቶሎ ይደርሳል። ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀላል፤ የማን ማሳ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ተጠንቅቆ የለቀመውም ጠራርጎ ያወረደውም ስማቸው አንድ ጆንያ ውስጥ ይጠፋል። ከአካባቢያችሁ ሰው በተሻለ ብትሠሩም ለገዢው "ሁሉም ያው ነው።"

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ መሸጥ ይፈቀድላቸው ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ ቴክኖሰርቭ የሚባል ድርጅት ከጌትስ ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ ከጅማ ዙሪያ ገበሬዎች ጋር መሥራት ጀመረ። ዱሮሚና፣ ናኖ ጫላ፣ ዩክሮ፣ ቢፍቱ ጉዲና የሚሏቸው ማኅበራት ስም የወጣው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ ተአምር የለበትም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ጣቢያ ይደርሳል። አረንጓዴው ይመለሳል። ይፈለፈላል፣ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይደርቃል። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ቡና ይወጣል። ከዚያ በማኅበሩ ስም ይሸጣል።

ዱሮሚና የተመሠረተው በ2010 ነው። በ2012 ዓለም አቀፍ ቀማሾች በተሰበሰቡበት የአፍሪካ ቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፎቹ የትናንቶቹ ናቸው፣ ጫካውም ያው ጫካ ነው። የተለወጠው መለኪያው ነው። ቀማሹ ቀምሶ ከመቶ ነጥብ ሰጠ፣ ነጥቡ ከማኅበሩ ስም ጋር ተያያዘ፣ ስሙ ዋጋ አመጣ። በ2017 መንግሥት የግብይት ደንቡን ሲያሻሽል ቡና ከምንጩ ጋር ተያይዞ የሚሸጥበት በር ለሌሎችም ሰፋ።

*

ጌሙም የራሱ ዱሮሚና አለው። በ2015 የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ዊቸር 3ን አወጣ። ተልዕኮዎቹን አጥንታቸው ድረስ ብትገፏቸው ብዙዎቹ ቅጽ ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አለ፣ ዱካ ትከተላላችሁ፣ ጭራቁን ትገድላላችሁ፣ ትቀበላላችሁ። ግን እዚያ ቅጽ ውስጥ የተሞላው ሰው ነው። አንድ ደሴት ላይ አይጥ የወረረው ግንብ አለ። ውስጡ አናቤል የምትባል ልጅ መንፈስ አለች። የጠጣችው መድኃኒት ሰውነቷን አስሮት፣ የሞተች መስሏት ፍቅረኛዋ ጥሏት ሸሽቷል፤ አይጦቹ በሕይወቷ በልተዋታል። "አጥንቴን ለእሱ አድርሱልኝ" ትላችኋለች። ታምኗታላችሁ? እንዴትም ብትመርጡ ንጹሕ መጨረሻ የለውም። ይህ የጎን ተልዕኮ ነው፤ ሳትነኩት ጌሙን መጨረስ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ "ስለዚህ ጥራት ይለምልም፣ ብዛት ይውደም" ብዬ ብዘጋው ግን ውሸታም እሆናለሁ። ያው ዊቸር 3 በስኬሊጌ ባሕር ላይ በጀልባ እየዞራችሁ የምትለቅሟቸውን የኮንትሮባንድ በርሜሎች በጥያቄ ምልክት ሞልቶታል። የአንድ ማሳ ቡናም ቀይና አረንጓዴ አለው። ደግሞ በ2017 የወጣው ዜልዳ 900 የኮሮክ ዘር ደብቋል። ሁሉንም ለለቀመ ሰው ሽልማቱ የወርቅ ዓይነምድር የሚመስል ነገር ነው! ሠሪዎቹ "ሁሉንም መልቀም የለብህም" ብለው እየቀለዱበት ነው። 900 የተበተነው ተጫዋቹ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ አንድ ነገር እንዲያገኝ ነው። ቤቱ አንድ ዲስክ ብቻ ለነበረው ልጅም ብዛት በረከት ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ።

ከሁሉ የበለጠ ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን የመልኮው ታሪክ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ፤ ፍሬውን እዛፉ ላይ እያለ ያጠቁረዋል። የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየጫካው ዞረው ከመቶዎች እናት ዛፎች ዘር ሰበሰቡ፣ ፈተኑ፣ አብዛኛውን ጣሉ፣ ጥቂቱን አስቀሩ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል። ጫካው ብዙ ዓይነት ባይኖረው የሚመረጥ አይገኝም ነበር። መራጭ ባይኖር ደግሞ ብዙው ጫካ ብቻውን አያድነንም ነበር።

እንግዲህ የዳገርፎል ጥፋት ሺህ ተልዕኮ ማምረቱ አልነበረም። ካመረተ በኋላ ማንም ተቀምጦ ቀምሶ "ይህ ይቅር" አለማለቱ ነው።

*

ይህን አሁን የምጽፈው በምክንያት ነው። ማሽን ጽሑፍ መጻፍ ችሏል፤ አሥር ሺህ የጎን ተልዕኮ በአንድ ሌሊት ማምረት የሚፈልግ ኩባንያ ከእንግዲህ ቅጽ እንኳ አያስፈልገውም። የዳገርፎል ሕልም ዋጋው ረክሶ ተመልሷል። ቀማሽ ያላስቀመጠ ሰው ጆንያ ብቻ ነው የሚሞላው።

ቡናውም ያው ፈተና ላይ ነው። በየካቲት 2025 የአረቢካ ዋጋ ኒው ዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ለገበሬው ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ዋጋ ሲሰቀል ገዢ አይመርጥም፣ የመጣለትን ያነሳል፤ ያኔ "ጠራርገህ አውርደው" የምትለው ድምፅ ትመለሳለች። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ፣ መውረዱ አይቀርም፣ ስም ያለው ማኅበር ገዢው አይረሳውም፤ ስም የሌለው ግን ጆንያው ውስጥ ይቀራል።

ለወንድሜ አንድ መለኪያ ሰጥቼው መጣሁ። "የተጫወትከውን ተልዕኮ በአቦልና በቶና መካከል ለእማዬ ተርክላት። ሰምታ 'ከዚያስ?' ካለችህ ሌሊትህን አልበላህም። የምትተርከው ካጣህ ግን ኦይስተር እየለቀምክ ነው የነጋብህ።" ሳቀብኝ። በነጋታው ጠዋት ግን ቡናው ተፈልቶ ስኒው ሲቀዳ፣ "እማዬ፣ አንድ ግንብ አለልሽ" ብሎ ሲጀምር ሰማሁት። በረካው ሲደርስ እማዬ ገና "ታዲያ አመነቻት?" እያለች ትጠይቀው ነበር።

ቸር እንሰንብት።