ተስተካካይ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ
አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ጎማ። ፓምፓቸው ለተቀየረ ባለ ኢንጀክሽን መኪኖች

ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎንና ዳዶዋን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1993 እንደ ወጣው ቶዮታ ሱፕራ ባሉ ባለ ቱርቦ መኪኖች ላይ ጉልበት የሚጨምሩ ሰዎች ቶሎ ከሚቀይሯቸው ዕቃዎች አንዱ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ነው። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ የተለመደ ምርጫ ሲሆን አንዳንዱ ሁለት ይደረድራል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ግን የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ የተረፈው ሁሉ ወደ ሰልባትዮ መመለስ አለበት። የፋብሪካው መቆጣጠሪያ ቀዳዳ ለዚያ ሁሉ ጎርፍ ይጠብበዋል። ግፊቱ ያሻቅባል፣ ኢንጀክተሮቹ ከልክ በላይ ይረጫሉ፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

የዚህኛው መውጫ ሰፊ ነው። ውስጡ ሞላ የሚጫነው ስስ ዲያፍራም አለ፤ ነዳጁ ሞላውን ሲያሸንፍ መመለሻው ይከፈታል። ብሎኗ ስትጠብቅ ግፊቱ ይጨምራል።

ብልሃቱ ያለው ግን በቀጭኗ ቱቦ ነው። ዲያፍራሙን ከአየር ማስገቢያው ጋር ታገናኘዋለች። ቱቦዋ ተነቅላ 3 ባር ላይ የተስተካከለ ግፊት፣ ቱቦዋ ተመልሳ ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ 4 ይሆናል። ለኢንጀክተሩ ቁም ነገሩ የነዳጁና የአየሩ ግፊት ልዩነት ነው፤ እሱም ከ3 ንቅንቅ አይልም። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ንባቡን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ መካኒኮች ቱቦዋን ነቅለው፣ አፏን ደፍነው ያስተካክላሉ።

መመለሻ መስመሩ ራሱ ጠባብ ከሆነ ግን ብሎኗን ማላላት ከንቱ ድካም ነው።